ያልመረጠው ጣቴ

ከመተማ ማዶ ባለችው ገላባት ላደገ ሰው ገዳሪፍ ትልቅ ከተማ ናት። ድሮ ካርቱምን ያየ ሰው ይህን ስናገር ሲሰማ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ካርቱምን ያዩት ራሳቸው ከጦርነቱ ሸሽተው ገዳሪፍ ስለመጡ ሳቁ ቀንሷል። እኛ ጋ ያለው አንድ ዋና መንገድ ነው። ከድንበሩ ይነሳና በሱቆች መሀል አልፎ ወደ እርሻው ይወጣል፤ ማን ምን እንደገዛ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደቆመች ሁሉም ያያል። ገዳሪፍ ግን ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራ ነበራት፣ የባቡር ሐዲድ ነበራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማያርፍ የራክሻ ባጃጆች ጥሩንባ ነበራት። ከሁሉም በላይ እኔን የማያውቅ ሕዝብ ነበራት። በማያውቅሽ ሕዝብ መሀል ቀና ብሎ መሄድ እንዴት ደስ እንደሚል ትንሽ ከተማ ያላደገ ሰው አይገባውም።

የሄድኩት ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ለትምህርት። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ እዚያ ካለ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለቃል ፈተና ተጠርቼ ነበር። አዋላጅ የመሆን ሐሳብ የገባኝ ከሱቃችን ጀርባ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከጎንደር በኩል የመጣች አንዲት ሴት ምጥ ይዟት እቃ ማስቀመጫው ክፍል አስገባናት። ተጠርታ የመጣችው ሱዳናዊት ነርስ ጎበዝ ነበረች፤ ግን የምትናገረው በአረብኛ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ ምንም አታውቅም። ነርሷ "አትግፊ" ስትል ትገፋለች፤ "ግፊ" ስትል ትጮኻለች። እናቴ እጄን ይዛ መጋረጃው ኋላ አቆመችኝና "አንቺ ንገሪያት" አለችኝ። ነገርኳት። የነርሷ ቃል በእኔ አፍ ሲወጣ ሴትዮዋ ሰማች፤ ልጁም በሰላም ተወለደ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስኳር መመዘን አስጠላኝ።

አባቴ ነገሩን አልወደደውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የጭልጋ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ፣ በርበሬና ቅመም እየሸጠ እኛን ያሳደገ ነጋዴ። በሱዳን ምድር ሐበሻ ሆኖ ለመኖር አንድ መላ ብቻ ያውቃል፤ እሱም አለመታየት ነው። ድምፅ አታሰሙ፣ አትከራከሩ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ያደግነው በዚህ ነው። ልጁ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትዞር፣ ስትናገር፣ ሰው ዓይን ውስጥ ስትገባ ማሰቡ ብቻ ያስፈራው ነበር። እናቴ ስትነዘንዘው ከርማ በመጨረሻ "እሺ ትሂድ፤ ተፈትና በማግስቱ ትመለስ" አለ። ስሸኝም በሩ ላይ ቆሞ፣ "አንድ ወሬ ብሰማ ትምህርት የሚባል ነገር እኔ ፊት አታነሺም። ሱቁ እዚሁ ነው ያለው" አለኝ። አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ገዳሪፍ ገብቼ ከአክስቴ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ብንሄድ በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። "ምርጫ ነው" አለን። ግቢው ድምፅ መስጫ ሆኗል፤ ፈተናው የሚሰጠው ምርጫው ሲያልቅ፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ነው። ምርጫ መኖሩን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ገላባት ውስጥ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ስንት ቀን ጆሯችንን አደንቁሮታል! ግን እኛ የውጭ ሰዎች ነን፤ የእነሱ ምርጫ የእነሱ ጉዳይ ነው ብለን መስኮታችንን ዘግተን ተቀመጥን። አገሩ በሙሉ ሥራ ሲፈታ የእኔም ፈተና አብሮ እንደሚቆም ከመሀላችን ያሰበ አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የሚሳሳት የሰው አገር ሰው ብቻ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ገበያውን የሚያቋርጥ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእህል ገበያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ይዛ ለሹፌርና ለጫኝ ፉልም እንጀራም ታቀርባለች። አባቴ ዘንድ የደወለችው እሷ ናት። "እኔ ጋ ትቆይ ወንድሜ፤ ከዓይኔ አላርቃትም" አለችው። ሁለት ጊዜ አስደገማት። በመጨረሻ "ወሬ እንዳልሰማ" ብሎ ዘጋው። አንድ ሙሉ ሳምንት፣ ከነከተማው፣ እጄ ላይ ወደቀ።

"ከዓይኔ አላርቃትም" ያለችው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። ደንበኛ ሲበዛባት፣ "ኧረ ሂጅ ወዲያ፣ ከተማውን እይው። እዚህ ተገትረሽ መንገድ አትዝጊብኝ" አለችኝ። አብራኝ እንድትሄድ ያዘዘቻት ዕቃ የምታጥብላትን ልጅ ነው። ልጅቷ ከእኔ ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ ከጎንደር ገጠር መጥታ ወደ ካርቱም የምትሻገርበትን ቀን እየጠበቀች ትሠራለች። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። የምታውቀው አረብኛ "ኩሉ ተማም" የሚለውን ብቻ ነው፤ ዋጋ ሲጠይቋትም፣ መንገድ ሲጠይቋትም፣ ሲሰድቧትም "ኩሉ ተማም" ትላለች። ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የሄድነው እህል ገበያው ጋ ነው። የሰሊጥ ጨረታ ወሬውን እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። ጆንያዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ጨረታ የሚያወጣው ሰው ከክምር ወደ ክምር ሲሄድ ነጋዴዎቹ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይከተሉታል፤ እያንዳንዱ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያሽና ወደ አፉ ይወረውራል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። አንዱን ክምር ከየት እንደመጣ ብጠይቅ ከፋሽጋ ነው አሉኝ። የፋሽጋን ሰሊጥ ማን እንደሚያጭደው ለእኔ ነጋሪ ያስፈልገኛል? በየዓመቱ ከመተማ ተሻግረው፣ ከሱቃችን ማጭድና ብስኩት ገዝተው፣ ትራክተር ተጎታች ላይ ተጭነው የሚሄዱት የአገሬ ልጆች ናቸው። "ይህን ያጨዱት የእኛ ልጆች ናቸው" አልኩ፤ በአረብኛ፣ ጮክ ብዬ። አንድ ሁለት ነጋዴዎች ዞረው አዩኝ። ልጅቷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ምን ሁነሻል? ልታስይዥን ነው?" አለችኝ።

የአባቴ ልጅ የምትመስለው እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወጣን። መንገዱ ሁሉ የተወዳዳሪዎች ምስል ተለጥፎበታል። ፊደል የማያውቀውም እንዲመርጥ ለእያንዳንዱ ምልክት አለው፤ ፋኖስ አለ፣ ግመል አለ፣ የማሽላ ራስ አለ። ልጅቷ አረብኛውን ማንበብ ስለማትችል ምልክቶቹን እያየች ለራሷ ትመርጥ ነበር።

"እኔ ብሆን ግመሉን ነው" አለችኝ።

"ስለ ምን?"

"ሳይጠጣ ብዙ ይሄዳል። እኔስ እንዴት መጣሁ እና?"

አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመን የሴቶቹን ሰልፍ አየን። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ቶብ የተከናነቡ ሴቶች እየተሳሳቁ ይጠብቃሉ፤ አንዲት አሮጊት ልጆቻቸው ከራክሻ ደግፈው ሲያወርዷቸው ሰልፉ በእልልታ ተቀበላቸው። የወጡት ደግሞ የግራ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ቀለም ውስጥ ነክረው፣ ጥቁር ጣታቸውን ለሚያውቁትም ለማያውቁትም እያሳዩ ይሄዳሉ። ሰው ተሰልፎ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። እኛ የምናውቀው ሰልፍ የኢቃማ ሰልፍ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ በፀሐይ የምንቆመው፣ ማንም ማንን የማያይበት። ቀናሁ። አንድ ቀን፣ የትም አገር ብሆን፣ እንዲህ ባለ ሰልፍ መሀል ስቄ መቆም አለብኝ አልኩ በልቤ።

አክስቴ ቤት ስንመለስ ግን ሌላ ወሬ ጠበቀን። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ምርጫው እንዳለቀ ከሻ ሊወጣ ነው ብሏል። ከሻ ማለት ፖሊስ በመኪና መጥቶ ፈቃድ የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ ለቅሞ የሚጭንበት ነው። በዚህኛው ከሻ ወረቀት አይጠየቅም፤ ጣት ነው የሚታየው፤ ጣቱ ያልጠቆረ ሁሉ የውጭ ሰው ነውና ይጫናል ተባለ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለውን ተረት አክስቴ ታውቀዋለች። እሷ የጨመረችበት ግን ሐሳብ ሳይሆን ሰብጋ ነው።

ሰብጋ ሱዳን ውስጥ ያገቡ ሴቶች ሂናቸውን ለማጥቆር የሚጨምሩበት የፀጉር ቀለም ነው፤ ጥቁር ዱቄት፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆርጥ። አክስቴ በትንሽ ሳህን በጠበጠችውና ጓዳ ውስጥ በተራ አስቀመጠችን፤ ልጅቷን፣ ምግብ አብሳይዋን፣ እኔን፣ መጨረሻ ላይ ራሷን።

"አክስቴ፣ የእኔ ኢቃማ ከአባቴ ጋር ነው፤ እዚህ ባይኖርም የታደሰ ነው እኮ" አልኳት።

"ገላባት ያለ ወረቀት ገዳሪፍ ምን ያደርግልሻል? አምጪ ጣትሽን! ለአባትሽ ወንድሜ ሆይ ልጅህ ተጫነች ብዬ ልደውል?"

ጣቴን ሰጠኋት። ሲደርቅ በእውነት የመራጭ ጣት መሰለ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። በማግስቱ መንገድ ላይ አንድ ፖሊስ እኔና ልጅቷን አስቆመን፤ ጣታችንን አየና "ማሻአላህ፣ ጎበዞች" ብሎ አሳለፈን። ልጅቷ "ኩሉ ተማም" አለችው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ምግብ ቤቱ መሀል ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "አላልኳችሁም?" አለች። ቀኑን ሙሉ ስትንጎራደድ ዋለች።

መከራው የመጣው በሚቀጥለው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። አጠገባችን ቅመም የሚሸጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ አሉ፤ የአክስቴ የረጅም ጊዜ ጎረቤት፣ ምሳቸውን ሁልጊዜ እሷ ጋ የሚበሉ። ፉላቸውን ሊጠቅሱ ዳቦ ቆርሰው ሳሉ የአክስቴን ጣት አዩ። ቀጥሎ የአብሳይዋን። ቀጥሎ የእኔን። ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ።

"ያ ሐጃ፣ እናንተ መረጣችሁ?"

"የለም፣ ሰብጋ ነው" አለች አክስቴ እየሳቀች፤ ነገሩን ከነከሻው ነገረቻቸው።

እሳቸው አልሳቁም። "የውጭ ሰው ከመረጠ ወንጀል ነው። ያልመረጠማ ምን ይባላል? ጣቱ ነጭ ነው፣ በቃ! ከኢቃማ ጋር ጥቁር ጣት ከተገኘባችሁ ሰብጋ ነው ብትሉ ማን ያምናችኋል? ከሻ ቢወጣ እንኳ ወደ ድንበር ነው የሚመልሳችሁ፤ ይህ ግን እስር ቤት ነው የሚያስገባችሁ" አሉ።

ሁላችንም በአንዴ ተነሳን። ሎሚ ተቆረጠ፣ አመድ ተዛቀ፣ በረኪና ተገዛ፣ የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ከየት እንደሆነ እንጃ መጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሰብጋን ግን ሲሮጡም አይፈቱትም። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ውሃና እሳት የበላው ቆዳዋ ቶሎ ለቀቀላት። ልጅቷም ዕቃ እያጠበች በማግስቱ ነጣች። የእኔ ግን ሱቅ ውስጥ ያደገ ለስላሳ ጣት ነው፤ ቀለሙን እንደ ጡት ጠጥቶታል። ቀላ፣ አበጠ፣ ተላጠ፤ ጥቁረቱ ግን አለ። ፈተናዬ ደግሞ ነገ ነው።

ልጅቷ በፋሻ እንጠቅልለው አለች። "አዋላጅ ትምህርት ቤት በፋሻ? ቁስሉን እንይልሽ ብለው ቢፈቱትስ?" አልኳት። በጭንቅ መሀል ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ የእውነት አለቀሰች። "ወንድሜ አያናግረኝም ከእንግዲህ" አለች። ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘችኝና ሻርፔን እያስተካከለች፣ "ከጠየቁሽ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አረብኛሽ እንደነሱ ነው፤ ሐበሻ ነኝ ካላልሽ ማንም አያውቅሽም" አለችኝ።

ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ናቸው፤ ነጭ ቶብ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ሰው ላይ ካረፈ ቶሎ አይነሳም። በስተቀኛቸው መነጽር ያደረገ የአስተዳደር ሰው አለ። ሦስተኛው ስልኩን ያያል። ሰላም ብዬ ስቀመጥ መነጽር ያደረገው ጣቴን አየ።

"ማሻአላህ!" አለ ለሰብሳቢዋ። "በዚህ ዕድሜዋ መርጣለች። አገሯን የምትወድ ልጅ ማለት ይህች ናት። ትናንት የመጡት ግማሾቹ እኮ አልመረጡም።"

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰውየው ሱዳናዊት ብሎ አስቀምጦኛል፤ አገሬው ደግሞ ቅድሚያ አለው። በሩ ተከፍቶልኛል፤ መግባት ነው። ከዚያ ሰብሳቢዋ ጠየቁኝ።

"አዋላጅ መሆን ለምን ፈለግሽ፣ ልጄ?"

መልሱ ከሱቃችን ጀርባ ነው ያለው። ሌላ መልስ የለኝም። ያንን ስናገር ደግሞ "ለሴትዮዋ በምን ቋንቋ ነገርሻት?" መባሉ አይቀርም። ሱዳናዊት ከሆንኩ ያቺ ሴት የለችም፤ ያ ልጅም አልተወለደም። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ደም ፍላትም ነበረበት። ሰውየው ያላደረግሁትን አይቶ ሲያሞግሰኝ፣ ባደረግሁት ነገር ግን ማንም አሞግሶኝ እንደማያውቅ ትዝ አለኝና ተናደድኩ። እኔ ከተናደድኩ አፌ አይጠብቀኝም።

"ከመመለሴ በፊት፣" አልኩ፣ "ይህ ጣት አልመረጠም። እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ።"

መነጽሩን አወለቀ። ስልኩን ሲያይ የነበረውም ቀና አለ።

"ታዲያ ይህ ምንድን ነው?" አለ ሰውየው፤ ድምፁ ተለውጧል። "ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ሰብሳቢዋ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቴን ያዙ፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ሰብጋ ነው" አሉ። "ስንት ሙሽራ ቀብቻለሁ፣ ሽታው አይጠፋኝም። ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ያላገባች ልጅ ሰብጋ ትቀባለች? ለምን ተቀባሽ?"

አክስቴን አላነሳኋትም። "ሐበሻ እንዳልመስል" አልኩ።

ቀስ ብለው ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከመሀላቸው የሳቀ አልነበረም። "እሺ" አሉ፤ "አሁን ጥያቄዬን መልሽልኝ።"

መለስኩላቸው። ስለ እቃ ማስቀመጫው ክፍል፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ነርሷ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። "ለሴትዮዋ ነርሷ ያለችውን ብቻ ነው የነገርሻት?" አሉኝ። "አይደለም" አልኩ፤ "አይዞሽ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።" ሰብሳቢዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓመት በመጣ ቁጥር በመኸር ወራት ስንት እንዲህ ያለች ሴት እጃቸው ላይ እንደምትወድቅ፣ እሳቸውም በምልክት እንደሚያዋልዱ ለሁለቱ ሰዎች ነገሯቸው። መነጽር ያደረገው ግን አልለዘበም። የውጭ ሰው የሆነች ልጅ አባቷ ወይም አሳዳጊዋ ቀርቦ ሳይቆምላት አትገባም አለ። "ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ" ተባልኩ።

ከፈተናው ይልቅ የከበደኝ ስልኩ ነው። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት።

"ጣትሽን ምን አደረግሽው አልሽኝ?"

"ተቀባሁት።"

አክስቴ ስልኩን ከእጄ መነጨቀችው። "እኔ ነኝ ወንድሜ፤ እኔ ነኝ የቀባኋት፤ በአላህ ይዤሃለሁ እሷን እንዳትቆጣት።" አባቴ "መጣሁ" ብቻ አለና ዘጋው። አክስቴ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። እኔም አልከለከልኳት፤ ሱቁ፣ ሚዛኑ፣ የስኳሩ ጆንያ ዓይኔ ላይ መጣ። ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ ከተማ፣ በአንድ ጣት አለቀ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ መጣ። በየኬላው እየተፈተሸ ስለመጣ ዘግይቷል፤ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አስተካክሎ አስሯል። አክስቴን ሰላም አላት፤ እኔን አየኝና "እንሂድ" አለኝ። ራክሻው ውስጥ ኢቃማዎቻችንን ከኪሱ እያወጣ ያይና መልሶ ይከታቸው ነበር። አባቴ የመንግሥት ቢሮ በራሱ ፈቃድ ገብቶ አያውቅም።

መነጽር ያደረገው ሰው አባቴን በአክብሮት አስቀመጠው። ሽማግሌ ያከብራሉ፣ ይህንን አልክድባቸውም። እንዲያውም ሊረዳን ፈልጎ ነው መሰለኝ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ "ያ ሐጅ፣" አለው፣ "ልጅህ እዚህ ተወልዳለች። ስትናገር ከእኛ ልጆች አትለይም። የዜግነት ጉዳይዋን ጀምረናል በል፤ ስህተት ነው የተናገረችው፣ ልጅ ናት በል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።"

ቀላል ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እንዲህ ባለ ቀዳዳ እየሾለከ ነው። ሰው ሲጮህበት "እውነትህን ነው" ይላል፤ ሲያታልሉት "ችግር የለም" ይላል። እንዲህ ያድርግ ብዬ ተስፋ ማድረጌንም አልደብቅም፤ ጫማዬን እያየሁ "እሺ በል፣ እሺ በል" እል ነበር። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጄ ትናንት እዚህ ተቀምጣ የተናገረችውን እኔ ዛሬ መጥቼ አላፈርስባትም" አለ። "ሐበሻ ናት። እኔም ሐበሻ ነኝ፤ የጭልጋ ሰው። በአገራችሁ በሰላም ኖሬያለሁ፤ አላህ ይስጣችሁ። ልጄ ግን አልተሳሳተችም። ለእሷ መቆም ነው እንጂ የተፈለገው፣ ይኸው ቆሜያለሁ።"

የእውነትም ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር። ሰብሳቢዋ "ኸላስ" አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው። "ትግባልን። በመኸር እንዲህ ያለች ልጅ ያስፈልገኛል።" መነጽር ያደረገው ትከሻውን ነቅንቆ ፈረመ።

አክስቴ ተከትላን መጥታ በር ላይ ነበረች፤ ስትሰማ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ወንድሟን አየችና መልሳ ዘጋችው። አባቴ አየት አድርጎ፣ "በይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ እልል አለችው።

በዚያው ቀን ወደ ገላባት ሊመለስ መናኸሪያ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ጋ ከድንበር የሚያውቀው አንድ ሱዳናዊ የጨው ነጋዴ አገኘውና "ምን አመጣህ?" ብሎ ጠየቀው። አባቴ እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ "ሥራ" ነው፤ ከዚያ ዝም ነው። በዚያ ቀን ግን ደረቱን ነፋ።

"ይህች ልጄ ናት። ሐኪም ልትሆን እዚህ ትቀራለች" አለ፤ በአረብኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አባ፣ ሐኪም አይደለም፤ አዋላጅ ነው" አልኩት በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

"አንቺ ዝም በይ፤ የማወራው እኔ ነኝ" አለኝ፤ እሱ በሹክሹክታ አይደለም።

ለትኬት ቆራጩ ነገረው። ሻይ ለምትሸጠው ሴት ነገራት። ሹፌሩ ሳይጠይቀው ነገረው። ሞተሩ ሲነሳ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ከሥር ቆሜ እጄን አነሳሁለት። አላየኝም። አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞሮ በእጁ ጭምር እያስረዳ ነበር፤ ጆሮዬ ውስጥ የገባው "ቢቲ፣ ቢቲ" የሚለው ብቻ ነው፣ ልጄ፣ ልጄ። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ድንበሩ በሚወስደው በዶካ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። አልከፋኝም። ስለ እኔ ነበር የሚያወራው።